ዳታቤዛችሁ ብዙ ቦታ ሲበተን ኮንስትሬይንት የቱ ጋ ይግባ? ኔትወርክ ሲቋረጥም የሚሰራ አደራረግ፣ ደረጃ በደረጃ

ኮንስትሬይንት ማለት ዳታቤዙ ራሱ የሚያስከብረው ህግ ነው፣ «ክብደት ከዜሮ በላይ ይሁን» እንደሚለው፣ ከዚህ በታች ገደብም እለዋለሁ። ይሄን የምጽፈው ሰው ሁሉ እዚችው ቦታ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ዳታቤዙ አንድ ማሽን ላይ እያለ ሰላም የነበረ ሰው፣ ቅርንጫፍ ላይ ሲበትነው ወይ ኮንስትሬይንቱን በሙሉ ያጠፋና በሁለተኛው ወር መዝገቡ ድብልቅልቁ ይወጣል፣ ወይ ሁሉንም እንዳለ ይተወውና ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ገንዘብ ያዧ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች ገበሬው ደግሞ ከነአህያው በር ላይ ይቆማል። «ዳታቤዙ ገደብ ያስከብር ወይስ አያስከብር» ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁ። ለእያንዳንዱ ህግ ለየብቻው ጠይቁ፣ ጥያቄውም አንድ ነው፦ ይሄን ህግ ለመፍረድ ሮዋ (የቴብሉ አንድ መስመር) ብቻዋን ትበቃለች ወይስ ሌላ ቦታ ያለ ማሽን መጠየቅ አለበት?

ለምሳሌ የምወስደው እህል የሚረከብና ማዳበሪያ የሚያከፋፍል ማህበር ነው። ዋናው ሰርቨር ደብረ ብርሃን፣ ቅርንጫፎቹ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው) አለው፣ ኔትወርክ ሲኖር ወደ ማዕከል ይልካል፣ ሳይኖር ብቻውን ይሰራል። የእናንተ ፋርማሲ ወይ ትምህርት ቤት ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ባካፕ ውሰዱ፣ ከዛ ባካፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባካፕ ባካፕ አይባልም።

ቨርዥናችሁን እዩ። ማይኤስኪውኤል (ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ከ8.0.16 በፊት ያለ ከሆነ «ቼክ» (የሮዋን ዋጋ የሚፈትሽ ገደብ) ብላችሁ የጻፋችሁትን ገደብ ይቀበላችኋል፣ ስህተትም አያወጣም፣ ግን ጭራሽ አያስከብረውም። ስንቱ ሰው በዚህ ተሸውዷል። ቨርዥኑ አሮጌ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሳድጉ።

የገበያ ቀን ምንም አትንኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ቀልዴን አይደለም፣ ቀጣዩ ደረጃ ኪቦርድ ላይ አይሰራም።

ደረጃ 1፦ ህጎቹን በሶስት ቁና ስፈሩ

ሂሳብ ሹሙን፣ ገንዘብ ያዧንና ሚዛን ላይ የሚሰራውን ልጅ አስቀምጡና «ምን መሆን የለበትም?» እያላችሁ ጠይቁ። የሚሉትን ሁሉ ጻፉ። ከዛ እንዲህ ለዩ፦

1. አንደኛ ቁና፣ ሮዋ ብቻዋን የምትፈረድበት። ክብደት ከዜሮ በላይ ይሁን፣ ስልኩ ቅርጹ ይስተካከል፣ የአባሉ ስም ባዶ አይሁን።
2. ሁለተኛ ቁና፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አብረው በሚኖሩ ሮዎች መሀል የሚፈረድ። በአንድ ቅርንጫፍ ሁለት ደረሰኝ አንድ ቁጥር አይያዙ፣ የደረሰኝ መስመር ያለ ደረሰኝ አይኑር።
3. ሶስተኛ ቁና፣ ሌላ ቅርንጫፍ ሳይጠየቅ የማይፈረድ። አንድ ሰው በሁሉም ቅርንጫፍ ተደምሮ አንዴ ብቻ ይመዝገብ፣ ማዳበሪያው ከክምችት በላይ አይሸጥ።

አሁን ሶስተኛው ቁና ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን አውጡና «ይሄን ወደ ሁለተኛው ማውረድ እችላለሁ?» በሉ። ደረሰኝ በመላው ማህበሩ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ ከሆነ ሶስተኛ ቁና ነው፣ ደብረ ሲና ቁጥር ለመቁረጥ ደብረ ብርሃንን መጠየቅ አለበት። የቅርንጫፍ ኮድ ከፊቱ ካደረጋችሁበት ግን ሌላ ምንም ሳትነኩ ሁለተኛ ቁና ገባ። የስራው ግማሽ እዚች ጋ ነው ያለው። ሰው ግን ይቸኩልና ይዘላታል፣ ከዛ ለማይፈልገው ነገር ከባድ ሶፍትዌር ይገዛል።

ደረጃ 2፦ ያለውን ዳታ ቁጠሩና አጽዱ

ገደብ ከማስገባታችሁ በፊት ስንት ሮው ገደቡን እንደሚጥስ ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ህግ አንድ መቁጠሪያ ኪዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ጻፉ፣ ውጤቱን ከህጉ ጎን ወረቀቱ ላይ አስፍሩ። ዜሮ ካልሆነ ወደ ደረጃ 3 አትሂዱ። የኛን አገር ዳታ የሚያበላሹት ሶስት ነገሮች ናቸው።

ስልክ። አንዱ በ09 ይጽፋል፣ አንዱ በ251፣ አንዱ ከፊቱ ፕላስ ያደርጋል፣ አንዱ ዜሮውን ይተወዋል። ለዳታቤዙ አራቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ «ዩኒክ» (አይደገም የሚል ገደብ) ብትሉትም አይይዛቸውም። ሁሉንም ወደ 9 አሃዝ አውርዱ፣ በ9 ወይ በ7 የሚጀምር። የቤት ስልክ ካላችሁ ሌላ ኮለም (አምድ) ስጡት እንጂ እዚህ አትቀላቅሉት።

ስም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው ለኮምፒውተር ግን ሌላ ሌላ ፊደል። «ዓለም ከተማ» እና «አለም ከተማ» ሁለት ከተማ ሆነው ሪፖርት ላይ ሲወጡ አይቻለሁ፣ ከተማዋ ያው አንድ ናት። ሰውየው የጻፈውን አትቀይሩበት፣ ስሙ ነው። ጎኑ ላይ ሁለተኛ ኮለም አድርጉና ፊደሉን ወደ አንድ አውርዳችሁ እዛ አስቀምጡ፣ ፍለጋውንም ማመሳከሩንም በእሱ አድርጉ። ደግሞ ስም ላይ ዩኒክ እንዳታደርጉ፣ እስከ አያት ድረስ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰው በአንድ ቀበሌ ይገኛል።

ቀን። የተሻለው በዴት ታይፕ (ዳታቤዙ ለቀን በሰራው አይነት) አስቀምጦ በኛ አቆጣጠር ማሳየት ነው። በኛው ቀንን፣ ወርን፣ ዓመትን በሶስት ኮለም ከያዛችሁ ግን ጳጉሜን አስታውሱ። ወር እስከ 13፣ ቀን እስከ 30፣ ወሩ 13 ከሆነ ቀን እስከ 5፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ (ዘመነ ሉቃስ ማለት ነው) እስከ 6። 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ነበረች፣ ቀጥሎ 2019 ላይ ናት። ይሄን የረሳ ቼክ ሶስት ዓመት ሙሉ ልክ ይመስልና በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ሙሉ ደረሰኝ አልቆርጥም ይላል።

ደረጃ 3፦ አንደኛውን ቁና ዳታቤዙ ላይ አስገቡ፣ ያለ ክርክር

እዚህ ላይ «አፕሊኬሽኑ ይቆጣጠረዋል» የሚል ሰው አትስሙ። ዛሬ አንድ አፕ አላችሁ፣ ነገ የሞባይል አፕ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሂሳብ ሹሙ ኤክሴል ያስገባል። የዚህ ቁና ገደብ ማንንም ስለማይጠይቅ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ቅርንጫፍ ላይም ማዕከልም ላይ አንድ አይነቱን አስገቡ። ፖስትግሬስ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ሎክ ታይምአውትን (ቴብሉ በሌላ ከተያዘ ስንት ጊዜ እንደምትጠብቁ የሚወስነውን) 2 ሰከንድ አድርጉ። ይሄን ከረሳችሁ አንድ ረጅም ሪፖርት እየሮጠ ከሆነ የእናንተ አልተር ቴብል (ቴብሉን የሚቀይረው ትእዛዝ) ከኋላው ይሰለፋል፣ ሌላው ሁሉ ደግሞ ከእናንተ ኋላ ይሰለፋል፣ ቢሮው በሙሉ ቆመ ማለት ነው።
2. ቼኩን «ኖት ቫሊድ» ብላችሁ ጨምሩ። አሮጌውን ዳታ አያይም፣ አዲስ የሚገባውን ግን ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ይይዛል።
3. ከዛ ለብቻው «ቫሊዴት ኮንስትሬይንት» በሉ። ይሄኛው አሮጌውን ይፈትሻል፣ ግን ሰው እየጻፈም እያነበበም መስራት ይችላል።
4. ባዶ የማይፈቀድ ኮለም ከሆነ መጀመሪያ «ኖት ናል ነው» የሚል ቼክ በዚሁ መንገድ አስገቡና ቫሊዴት አድርጉ፣ ከዛ ነው ዋናውን «ሴት ኖት ናል» የምትሉት። ከቨርዥን 12 ጀምሮ ያ ቼክ ካለ ቴብሉን እንደገና አይፈትሸውም፣ ስለዚህ ወዲያው ያልቃል።

ተጠንቀቁ፦ ቼክ ባዶ ዋጋን ያሳልፋል። «ክብደት ከ0 ይበልጣል» ብላችሁ ክብደቱ ባዶ ቢገባ ዝም ነው የሚለው። ቼክና ኖት ናል አብረው ይግቡ።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ቼክ ውስጥ «አሁን ስንት ሰዓት ነው» የሚል ነገር አታስገቡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ድሮ የሚመለስ ማሽን የማታውቁ አይመስለኝም፣ ባትሪው ያለቀበት። አንዱ ቅርንጫፍ የተቀበለውን ሌላው ይመልሰዋል።

ቫሊዴት ላይ ከወደቀ፦ አትደንግጡ፣ ገደቡ ለአዲሱ ዳታ እየሰራ ነው ያለው። አሮጌዎቹን ጣሾች ፈልጉ፣ አስተካክሉ፣ ደግማችሁ ቫሊዴት በሉ። ታይምአውት ካለባችሁ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ድገሙት፣ ታይምአውቱን ግን አታንሱት።

ሞንጎዲቢ (ሌላ አይነት ዳታቤዝ) ላይ ከሆናችሁ ቫሊዴተሩን (ገደብ ፈታሹን) መጀመሪያ «ዋርን» (አስጠንቅቅ) ላይ አድርጉና ሎጉን አንድ ሳምንት አንብቡ፣ ንጹህ ሲሆን ወደ «ኤረር» (ከልክል) አዙሩት።

ደረጃ 4፦ ሁለተኛው ቁና፣ የቅርንጫፍ ኮድን ቁልፉ ውስጥ ክተቱ

የቅርንጫፍ ኮዱን እያንዳንዱ ቴብል ላይ አስገቡና ፕራይመሪ ኪውም (የሮዋ ዋና መለያ)፣ ዩኒኩም፣ ፎሪን ኪውም (የሚጠቀሰው ሮው ሌላው ቴብል ላይ መኖሩን የሚያስገድደው) የቅርንጫፍ ኮድና ቁጥር አንድ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ ሸዋ ሮቢት የሚቆርጠው 1045 እና መሐል ሜዳ የሚቆርጠው 1045 ማዕከል ላይ ሲገናኙ አይጋጩም።

ይሄ የኔ ፍላጎት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሲስተሞቹ ራሳቸው ያስገድዷችኋል። ሳይተስ (ፖስትግሬስን ብዙ ማሽን ላይ የሚበትነው ተጨማሪ) ላይ ዩኒክ የሚሰራው ዳታው የተከፋፈለበትን ኮለም ከያዘ ብቻ ነው። ሞንጎዲቢ ላይም ሻርድ የሆነ (ብዙ ማሽን ላይ የተከፋፈለ) ኮሌክሽን (ቴብል በሉት) ዩኒክ ኢንዴክስ (መፈለጊያ ማውጫ) እንዲኖረው ኢንዴክሱ በሻርድ ኪው (በተከፋፈለበት ቁልፍ) መጀመር አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አንድ አይነት ቁልፍ ያላቸው ሮዎች አንድ ኖድ (ማሽን) ላይ ካልተገናኙ ማን ያመሳክራቸዋል?

ዩኒኩን ስታስገቡ ኢንዴክሱን «ኮንከረንትሊ» (ሌላው ሰው እየጻፈ ጎን ለጎን) ስሩት፣ ሲያልቅ ገደቡን በዛ ኢንዴክስ ላይ አንጠልጥሉት። መሀል ላይ ድግግሞሽ አግኝቶ ከወደቀ «ኢንቫሊድ» የሆነ ኢንዴክስ ትቶባችሁ ይሄዳል፣ ምንም አይጠቅምም ግን አዲስ ዳታ መጻፉን ያዘገያል። ጣሉት፣ ድግግሞሹን አጽዱ፣ እንደገና ስሩት።

ፎሪን ኪ ላይ አንድ ነገር ብቻ። የሰብል አይነት፣ የወረዳ ዝርዝር፣ የዋጋ ሰንጠረዥ የመሰሉትን ትንንሽና ቀስ ብለው የሚቀየሩ ቴብሎች እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሙሉ ኮፒ አድርጉ፣ የሚቀየሩትም ከማዕከል ብቻ ይሁን። ጤፍም ምስርም ማሾም የሚለው ዝርዝር እዛው ካለ ፎሪን ኪው ማንንም አይጠይቅም።

ደረጃ 5፦ ሶስተኛው ቁና

እዚህ ነው ሰው የሚያልቅበት። ኔትወርኩ በተቆረጠ ሰዓት ቅርንጫፉ ወይ ይቆማል ወይ ሳይጠይቅ ይሰራል፣ ሶስተኛ መንገድ የለም። ይሄ የሶፍትዌር ድክመት አይደለም፣ ጊልበርትና ሊንች የሚባሉ ተመራማሪዎች 2002 (በፈረንጅ) ላይ በሂሳብ ያረጋገጡት ነው፣ «ሁለቱንም እሰጣችኋለሁ» የሚል ሻጭ ከመጣ ቡናውን አጠጡና ሸኙት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ህግ ከታች ካሉት አንዱን ምረጡ።

*ሀ) ባለቤት ስጡት።* አንድ ሰው አንዴ ብቻ ይመዝገብ ካላችሁ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማዕከል ብቻ ነው። ዩኒኩ ደብረ ብርሃን ያለው ቴብል ላይ ብቻ ይኑር። ቅርንጫፉ ኔትወርክ ሳይኖር ሲመዘግብ ሁኔታውን «በመጠባበቅ ላይ» ያድርገው፣ ለውስጥ መለያ ዩዩአይዲ ይስጠው። ዩዩአይዲ ማንንም ሳይጠይቅ የማይደገም ቁጥር ነው፣ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ማዕከል ሲያረጋግጥ «አባል» ይሆናል።

ይሄን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። አንድ ስራ ላይ ስልኩን ቅርንጫፍም ማዕከልም ላይ ዩኒክ አድርጌ ኮራሁ። አንድ አርሶ አደር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቅርንጫፍ ተመዘገበ፣ ሁለቱም ጋ ኔትወርክ አልነበረም፣ ሁለቱም ጋ እህል አስረክቧል። ሲገናኙ ማዕከሉ ሁለተኛውን ምዝገባ መለሰ፣ ከምዝገባው ጋር የተያያዘው የእህል ደረሰኝም አብሮ ተመለሰ። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ መጣ፣ እኛ ጋ ግን የለም። ደግነቱ ወረቀት ነበረው።

ከዚህ የሚወጣ ትእዛዝ፦ በእጅ የተፈጸመን ነገር (ሚዛን ላይ የወጣ እህል፣ የተቆጠረ ብር) ገደብ ጣሰ ብላችሁ አትመልሱ። ሆኗል። ተቀበሉትና ምልክት አድርጉበት።

*ለ) ኮታ ከፋፍሉ።* ክምችት ከዜሮ በታች አይውረድ ለሚለው ነው። 400 ኩንታል ማዳበሪያ ካለ በአንድ ሮው ላይ 400 ብላችሁ አምስት ሰው እንዲቀንስበት አታድርጉ። ደብረ ብርሃን 120፣ ደብረ ሲና 60፣ ሸዋ ሮቢት 80፣ መሐል ሜዳ 80፣ ዓለም ከተማ 60 ብላችሁ ስጡ። እያንዳንዱ የራሱ ሮው ላይ «ቀሪ ከ0 አያንስም» የሚል ቼክ አለው፣ አያችሁ፣ ህጉ ወደ አንደኛ ቁና ወረደ። አምስቱ ከዜሮ በታች ካልወረዱ ድምሩም አይወርድም።

ሸዋ ሮቢት አልቆ መሐል ሜዳ ከተረፈ ዝውውር አድርጉ። ቅደም ተከተሉን አታገላብጡ፦ መጀመሪያ ላኪው ይቀንስ፣ ከዛ መልእክቱ ይሂድ፣ መጨረሻ ላይ ተቀባዩ ይጨምር። የዝውውር ቁጥሩ ተቀባዩ ጋ ዩኒክ ይሁን፣ ኔትወርክ ሲንተፋተፍ ያው መልእክት ሁለቴ ከደረሰ ሁለተኛው ይወድቃል እንጂ 20 ኩንታሉ 40 አይሆንም። መሀል መንገድ ላይ ከቀረ ማዳበሪያው ለጊዜው የትም አይታይም፣ ይሄ ሁለቴ ከመሸጥ ይሻላል።

*ሐ) ቁሙ።* ስህተቱ የማይመለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብድር መልቀቅ፣ ኔትወርክ ከሌለ አይለቀቅ። ስክሪኑ ላይ ግን በአማርኛ ንገሩት፦ «መስመር የለም፣ ብድር አሁን መልቀቅ አይቻልም»። ሰራተኛው ደጋግሞ እንዳይጫን።

ካሳንድራ (ብዙ ማሽን ላይ የሚሰራ ዳታቤዝ) ለምትጠቀሙ፦ እዛ «ኢንሰርት» (የማስገቢያ ትእዛዝ) ቀድሞ ያለውን ሮው ዝም ብሎ ይጽፍበታል፣ ስህተት አይሰጥም፣ የሚያሸንፈውም የያዘው ሰዓት የቅርብ የሆነው ነው (ያቺ ባትሪዋ ያለቀች ማሽን ትዝ ትበላችሁ)። እንዳይደገም የምትፈልጉትን «ኢፍ ኖት ኤግዚስትስ» (ከሌለ ብቻ) ብላችሁ አስገቡ፣ ይዘገያል፣ ከኮፒዎቹም አብዛኞቹ መገናኘት አለባቸው። በዚህ መንገድ የጻፋችሁትን ዳታ በተራው መንገድ ደግሞ አትንኩት፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ዋስትናው ይጠፋል። ኮክሮችዲቢ (እሱም ብዙ ማሽን ላይ የሚሰራ ዳታቤዝ) ላይ ደግሞ ዩኒኩንም ፎሪን ኪውንም ሲስተሙ ራሱ ያስከብርላችኋል፣ ግን 40001 የሚል ኤረር (ከሌላ ስራ ጋር ተጋጭቷል፣ እንደገና ይሞከር ማለት ነው) ሲመጣ አፑ ራሱ ደግሞ መሞከር አለበት፣ ለሰራተኛው አታሳዩት።

ደረጃ 6፦ ማዕከል ላይ ማቆያ ቴብል ስሩ

ከቅርንጫፍ የመጣው በቀጥታ ዋናው ቴብል ላይ አይረፍ። መጀመሪያ ገደብ የሌለው መቀበያ ቴብል ላይ ይግባ፣ ከዛ አንድ በአንድ ወደ ዋናው ይሻገር፣ ያልተሻገረው ከነምክንያቱ ማቆያ ውስጥ ይቀመጥ። የደረሰኝ መስመር ከደረሰኙ ቀድሞ ቢደርስ ስህተት አይደለም፣ መንገድ ላይ ተቀዳደሙ ነው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ሞክሩት። ማቆያውን በየጠዋቱ የሚያይ ሰው በስም ይመደብ፣ ካልሆነ እዛው ይሞላል።

የፖስትግሬስን ሎጂካል ሬፕሊኬሽን (ለውጡን ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈውን) በቀጥታ ለምትጠቀሙ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ተቀባዩ ጋ ዩኒክና ቼክ ይፈተሻሉ ፎሪን ኪ ግን በነባሪው አይፈተሽም፣ ስለዚህ «ገደብ አለኝ» ብላችሁ ተኝታችሁ ወላጅ የሌለው ሮው ይከማቻል። ሁለተኛ፣ አንዲት ሮው ገደብ ከጣሰች ሙሉው ፍሰት ይቆማል፣ እሱ ሲቆም ደግሞ ላኪው ጋ ያልተላከው ሎግ (የለውጥ መዝገብ) ይከመርና የቅርንጫፉ ዲስክ ይሞላል። ማዕከል ላይ ያለ ስህተት ሸዋ ሮቢት ያለውን ማሽን ገደለው ማለት ነው። ከቨርዥን 13 ጀምሮ ስሎቱ (ላኪው ጋ ሎጉን ለተቀባዩ የሚያቆየው) የሚይዘው የሎግ መጠን ላይ ጣሪያ ማድረግ ይቻላል፣ አድርጉ፣ ጣሪያው ካለፈ ግን ያን ቅርንጫፍ እንደ አዲስ ማመሳሰል እንዳለባችሁ እወቁ።

ደረጃ 7፦ አፑን ቀድማችሁ አድሱ፣ ገደቡ ይከተል

ዓለም ከተማ ያለው ኮምፒውተር የባለፈው ወር አፕ ላይ ሊሆን ይችላል። አዲስ ገደብ ዛሬ ማዕከል ላይ ብታስገቡ እሱ የሚልከው ሁሉ ማቆያ ይገባል። መጀመሪያ አዲሱን ኮለም ባዶ ተፈቅዶለት ጨምሩ፣ ከዛ የሚሞላውን አፕ ለሁሉም ቅርንጫፍ አድርሱ፣ ሁሉም መድረሱን በቨርዥን ቁጥር አረጋግጡ፣ አሮጌውን ሙሉ፣ መጨረሻ ላይ ገደቡን። ገደብ ስታነሱ ደግሞ በተቃራኒው፣ ማዕከል ቀድሞ ይላላ።

ደረጃ 8፦ ገመዱን ንቀሉ

የኔትወርክ ገመዱን በእጃችሁ ነቅላችሁ ካልሞከራችሁ አልሞከራችሁም። ጣርማ በር ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ኔትወርክ ሲጠፋ ከመማር ቢሮ ውስጥ መማር ይሻላል። ሁለት ላፕቶፕ እንደ ቅርንጫፍ፣ አንድ ማሽን እንደ ማዕከል በቂ ነው።

1. ገመዱ ተነቅሎ ሁለቱም ላይ ያንኑ ስልክ መዝግቡ፣ ለሁለቱም እህል ተረከቡ።
2. አንዱ ላይ ኮታው እስኪያልቅ ሽጡ፣ አንድ ኩንታል ጨምሩ። መከልከል አለበት።
3. የአንዱን ሰዓት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መልሱና ደረሰኝ ቁረጡ።
4. ዝውውር ልካችሁ መሀሉ ላይ ገመዱን ንቀሉ፣ ያንኑ መልእክት ሁለቴ ላኩ።
5. ገመዱን ሰክታችሁ ሁሉም እስኪደርስ ጠብቁ።

ከዛ ቁጠሩ። ሁለቱ ላፕቶፖች ላይ የተቆረጠው ደረሰኝ ድምር፣ ማዕከል ዋናው ቴብል ላይ ካለውና ማቆያ ውስጥ ካለው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፣ በቁጥርም በኩንታልም። አንድ ደረሰኝ እንኳ ከጎደለ የሆነ ቦታ ላይ «መልሰው» የሚል ገደብ ተርፏል፣ ብዙ ጊዜ መቀበያው ቴብል ላይ ረስታችሁ የተዋችሁት ዩኒክ ነው። እሱን አንሱና ከ1 ጀምራችሁ ድገሙት።